የቀኝ የፊት ጎማ

በቀደም ዓይኔን ለመታየት ደሴ ወጥቼ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ደረሰኝ። የሐረጎን ቁልቁለት ስናጋምስ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ በመስኮት ገባ። ከፊታችን አንድ ተሳቢ እያቃሰተ ይወርድ ነበር። ሌላው መንገደኛ አፍንጫውን በነጠላ ያዝ አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ይህን ሽታ አልችለውም። ዓይኔን ከመንገዱ ላሸሽ ብዬ ወደ ዳሽቦርዱ ዞር ስል፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር ጥፍር የምታህል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፋ አየሁ። በፕላስተሯ ጠርዝ ቢጫ ብርሃን ይሾልካል።

«ልጄ፣ ይቺን ምን ብለህ ሸፈንካት?» አልኩት ሹፌሩን።

«ኧረ ዝም ብላ ነው የምትበራው አባባ። ዓይን ትወጋለች።»

«አስፈትሸሃታል?»

«ራሴ በስልኬ አየኋት እኮ። ሴንሰር ነው የሚለው፤ ምንም አይደለም።»

ስልኩን ከደረት ኪሱ ብቅ አድርጎ አሳየኝ። ከመሪው ሥር ደግሞ የክብሪት ሳጥን የምታህል ነገር ሰክቷል፤ የመኪናውን ሕመም እያነበበች ለስልኩ የምትነግረው እሷ ናት። ሴንሰር ነው፤ ምንም አይደለም። ይህን ቃል እኔም በገዛ አፌ ብዬዋለሁ፤ ለዚሁ መንገድ ሌላ ሹፌር። ኮምቦልቻ እስክንደርስ የበሩን እጀታ እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ስወርድ «ቤትህ ስትገባ ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተህ አንድ በአንድ በእጅህ ነቅንቃቸው፤ በአላህ ይዤሃለሁ» አልኩት። «እሺ አባባ» ብሎ ሳቀና ተሳፋሪ መጥራት ጀመረ። ያድርገው አያድርገው አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ ወደ ኋላ ሄዶ አልመለስ ብሎኛል።

ስንት ዓመት ሆነው? ልጆቼ ሲቆጥሩት አሥራ ምናምን ይላሉ። እኔ የምቆጥረው በሌላ ነው፤ ሻይ በአንድ ብር የሚጠጣበት፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በስድስት ብር የሚወረድበት ጊዜ ነበር። ካሴት እየሞተ ሲዲ እየገባ፣ ደሴ ላይ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ደጃፍ ያወጡ ነበር። አንዱ ጥላው ለሄደች ልጅ ሲያለቅስ፣ ከጎኑ ያለው መንዙማ ይለቃል፤ እኛ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንሰማለን። ጎረምሳው ሁሉ ከታች ጫማ የሚሸፍን ጅንስ ለብሶ የአስፋልቱን ጭቃ ይጠርግ ነበር። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲያለብሳት፣ መኪኖች በእኩለ ቀን መብራት አብርተው ይሄዳሉ። የኮምቦልቻ መስመር ሹፌሮች ደሴ ላይ የቆዳ ጃኬት ለብሰው ተነሥተው፣ ሐረጎን ሲጨርሱ ጃኬቱን አውልቀው ከወንበር ጀርባ ይሰቅሉታል፤ ታች ሙቀት ነው። ያኔ የፋብሪካ ሴቶች ፈረቃ ሲወጡ በቦርከና ወንዝ በኩል ያለው መንገድ በሻሽና በሳቅ ይሞላ ነበር። ዛሬም ይወጣሉ፤ መንገዱ ግን ባጃጅ ሆኗል፣ ሳቁም ለጆሮዬ አይደርስም።

ጋራዣችን ደሴ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ያለበት፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረ ግቢ። ባለቤቱ ጋሽ ይማም ነበሩ። በሃያ ዓመቴ ነው እጃቸው የገባሁት፤ ብሎን ማጥበቅ ያስተማሩኝም፣ ሚስት ስትታጭልኝ ሽማግሌ የሆኑልኝም እሳቸው ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ነጭ ኮፍያቸው በዘይት ጣት የማይነካ፣ ከሰማያዊው ቱታ በላይ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የማይለያቸው ሰው። መኪና ታሞ ሲመጣ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሣሉ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሹፌሩ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ «ሁለተኛው ቫልቭ ነው» ወይም «የውሃ ፓምፑ ነው» ይላሉ፤ ሲፈታም ያሉት ሆኖ ይገኛል። ምን እንደሚሰሙ ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። «እንግዲህ ዝም ካልክ እሱ ራሱ ይነግርሃል» ነው መልሳቸው። እኔ ዝም ብዬም አልነገረኝም። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ የእሳቸውን ጆሮ ሩብ እንኳ አላገኘሁም፤ ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላኝ እንደነበረ ዛሬ ላይ ሆኜ አልደብቅም።

ከዚያ አዲሶቹ መኪኖች መጡ። ኮፈናቸው ሲከፈት ሞተሩ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ሽቦው እንደ ሸረሪት ድር የሆነ፣ ሲታመሙ ዳሽቦርድ ላይ ቢጫ መብራት የሚያበሩ። ለጋሽ ይማም ካቻቢቴ አልታዘዙም። ሞተሩ ጤነኛ ድምፅ እያሰማ መኪናው ጉልበት ያጣል። ጋሽ ይማም ያዳምጡና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ባለ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይዞት ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ነው የሚስቴ ወንድም ከዱባይ ሲመጣ ማንበቢያ ማሽኑን ያመጣልኝ። ጥቁር፣ ዳርና ዳሩ ብርቱካናማ ጎማ የለበሰ፣ ቁርዓን የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ጅራቱ ላይ ባለ አሥራ ስድስት ጥርስ መሰኪያ የተንጠለጠለበት። ከመሪው ሥር ይሰካል፤ ቁልፍ ይከፈታል፤ ትንሽ ያስብና አንድ ፊደልና አራት ቁጥር ይጽፋል፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ትርጉሙን ያወጣል። እኔ አሥረኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበው ነበር። ጋሽ ይማም ከአረብኛ ፊደል በቀር አያነቡም።

መጀመሪያ የሰካሁበት መኪና ሦስት ጋራዥ ዞሮ ተስፋ የተቆረጠበት ፒክአፕ ነበር። ማሽኑ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የምትለካዋ ዕቃ አልሠራ እንዳለች ነገረኝ። ፈትቼ ጠረግኳት፤ መልሼ ገጠምኳት፤ የበራውን መብራት በማሽኑ አጠፋሁ፤ ፒክአፑ እንደ አዲስ ተነሣ። ባለቤቱ አቅፎ ሳመኝ። በሳምንቱ ግቢው ሞላ። በር ላይ «መኪና በኮምፒውተር እንፈትሻለን» የሚል ቆርቆሮ ሰቀልኩ። ሹፌሮቹ «ኢንጂነር እንድሪስ» ይሉኝ ጀመር። ጋሽ ይማም በሥራው ደስ ብሏቸዋል፤ ማሽኑን በእጃቸው አገላብጠው እያዩ «አላህ ለሰው ያልሰጠው ጥበብ የለም» ብለዋል። ነገር ግን ሰው በሩን ሲገባ ቀድሞ እሳቸውን ሰላም ማለት ቀርቶ ዓይኑ እኔን መፈለግ ጀመረ። እሳቸው በር ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሙስባሃቸውን ይቆጥራሉ። እኔም አየሁ፤ ያየሁትን ግን ወደድኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዕለቱ ጁምዓ ነበር። አወል ከረፋዱ ላይ ሚኒባሱን እያበረረ ገባ። አወል የደሴ ኮምቦልቻ መስመር ሹፌር፣ የእኔ እኩያ፣ አፉ ከመኪናው የፈጠነ፣ ተሳፋሪውን እስከ መናኸሪያ ሲያስቅ የሚወርድ ጓደኛዬ ነበር። ያን ቀን ግን አልቀለደም። የፍሬን ቢጫ መብራት በርቶበታል።

«ተራ ይዣለሁ እንድሪስ፤ ቶሎ እያት» አለኝ። «ደግሞ ቁልቁለት ላይ አንድ ድምፅ ታሰማለች። እንደ ንብ ነገር፣ እምምም የሚል።»

ማሽኑን ሰካሁ። ቁጥሩን አወጣ። መዝገበ ቃላቴን ማየት እንኳ አላስፈለገኝም፤ የቀኝ የፊት ጎማን ፍጥነት የምትቆጥረው ሴንሰር በትክክል አትቆጥርም ይላል።

«ሴንሰር ነው» አልኩት። «ምንም አይደለም።»

ከሌላ መኪና የተፈታች ሴንሰር ነበረችኝ፤ ገጠምኩለት። በማሽኑ ስሕተቱን ሰረዝኩ። መብራቱ ጠፋ። አወል መሪውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ኢንጂነሬ!» አለ። ግቢ ውስጥ አንዴ አዞረው፤ መብራቱ እንደጠፋ ቀረ። በዚያ ሰዓት ጋሽ ይማም ለጁምዓ ውዱእ እያደረጉ ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ፣ ክንዳቸው ውሃ እያንጠባጠበ ቀና አሉ።

«እንድሪስ፣ በክሪክ አንሣውና ጎማውን በእጅህ ነቅንቀው» አሉኝ።

ሌሎች ሁለት ባለ መኪናዎች ቆመው እየጠበቁኝ ነው። አወል ሰዓቱን ያያል። «ማሽኑ አይቶታል ጋሼ» አልኳቸው፤ ፊቴን እንኳ ሳላዞር። «ኸይር፤ ይሁን» አሉና ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔ በዚያ ጁምዓ መስጊድ አልሄድኩም። ሥራ በዝቶ ነበር።

ማሽኑ አልዋሸም፤ ይህን ዛሬ ለሚጠይቁኝ ወጣት መካኒኮች ሁሉ እነግራለሁ። የቀኝ የፊት ጎማ አቆጣጠር ተዛብቷል አለ፤ ተዛብቶ ነበር። ለምን እንደተዛባ ግን እሱ አያውቅም፤ የማወቅ ሥራው የኔ ነበር። ጎማውን ተሸክሞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቆ፣ ጎማው ልክ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ሆኖ፣ ሴንሰሯ ፊት እየተወላገደ ነው አቆጣጠሯን ያሳሳታት። የንቡ ድምፅ እሱ ነበር። በክሪክ ብድግ ብሎ በሁለት እጅ ቢነቀነቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለሠላሳ ዓመት ጋሽ ይማም ከግቢው የሚወጣን መኪና ሁሉ እንደዚያ አድርገው ነው የሚሸኙት። እኔም ማሽኑ እስኪመጣ እንደዚያው አደርግ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሐረጎ ላይ፣ ከታች ኮምቦልቻ ከምትታይበት መታጠፊያ ትንሽ ከፍ ብሎ ኩሽኔታው ተሰባበረ። ጎማው ተቆልፎ መሪው ከአወል እጅ ወጣ። ሚኒባሱ ከተራራው ጋር ተላትሞ በጎኑ ወደቀ። ብዙው ሰው በስብራትና በጭረት ተረፈ። ከፊት፣ በበሩ በኩል ተቀምጣ የነበረችው ልጅ ግን እዚያው ሞተች። ሰዓዳ ትባላለች። ደጋን ከምትባል ትንሽ ከተማ መጥታ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፤ ጠዋቱን ደሴ ውላ ለማታው ፈረቃ እየተመለሰች ነበር። በፌስታሏ ውስጥ ለአባቷ የገዛችው የእጅ ባትሪ ከነካርቶኑ ተገኘ። ባትሪው ሳይሰበር ነው የተገኘው።

ወሬው ሲደርሰኝ ሌላ መኪና ሥር ተጋድሜ ነበር። ሆስፒታል ሄድኩ። አወል ዳሌው ተሰብሮ፣ ከንፈሩ ተሰፍቶ ተኝቷል። አልጋው አጠገብ ቆምኩ። በመጨረሻ ያወጣሁት ጥያቄ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ጥፋቱን የማካፍለው ሰው ፍለጋ ነበር።

«አወል፣ መብራቱ ተመልሶ በርቶብህ ነበር?»

ጭንቅላቱን በትራሱ ላይ አወዛወዘ። «አልበራም» አለ በተሰፋው ከንፈሩ። «ቢበራማ እቆም ነበር። ድምፁ አለቀቀኝም እንድሪስ። እምምም እያለ አብሮኝ ወረደ። መብራቱ ስለጠፋ ግን እሱን መስማት ተውኩ።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ከአወል ጋር ተነጋግረን አናውቅም። ዛሬ ሐርቡ ከተማ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ሲራመድ አንድ እግሩን ይጎትታል። ቀልዱን እዚያ አልጋ ላይ ጥሎት የተነሣ ይመስለኛል።

ሰኞ ዕለት ትራፊክ ፖሊሶች ጋራዡ መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ጋሽ ይማም ጠሩኝና ከባሕር ዛፎቹ ሥር አቆሙኝ።

«የጋራዡ ፈቃድ በኔ ስም ነው። የሚጠየቀው እኔ ነኝ። አንተ ዝም በል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እንዴት ይሆናል? የነካሁት እኔ ነኝ።»

«ዝም በል አልኩህ። ትንንሽ ልጆች አሉህ። የኔ ልጆች አድገዋል።»

አንድ ጊዜ እምቢ አልኩ፤ ያቺን የተናገርኳትን። ሁለተኛ አላልኩም። ፖሊሶቹ ሲጠይቁ እሳቸው መለሱ፤ እኔ መፍቻዎቹን በየመጠናቸው እደረድር ነበር። የተደረደሩትን አፍርሼ እንደገና ደረደርኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል እንደሆነ አንድ ረጅም ሰው በር ላይ ቆሙ። ሽርጥ ያገለደሙ፣ ትከሻቸው ላይ ጋቢ ጣል ያደረጉ፣ የመንገድ አቧራ ጫማቸውን ያነጣው።

«አሰላሙ አለይኩም። ይህ የይማም ቤት ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። ነው፤ ይግቡ» አሉ ጋሽ ይማም ከአግዳሚያቸው ተነሥተው።

«ሙሄ እባላለሁ፤ ከደጋን። የሰዓዳ አባት ነኝ።»

ጋሽ ይማም መቀመጫቸውን ለቀቁላቸው። ሰውየው ግን አሮጌ ጎማ ስበው ተቀመጡ። «ለጠብ አልመጣሁም» አሉ። «እኔ ገበሬ ነኝ። በሬ ሲሞትብኝ እንኳ በምን ሞተ ብዬ እጠይቃለሁ። ልጄ በምን እንደሞተች ቁርጡን የሚነግረኝ አጣሁ። ሁሉም ቀዷ ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ይለኛል። ቀዷነቱን እኔም አውቃለሁ።»

«ጎማውን የሚሸከመው ብረት አልቆ ነበር» አሉ ጋሽ ይማም። «በዋዜማው መኪናው እዚህ ገብቶ ነበር። ማየት ሲገባን አላየነውም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጋሽ ሙሄ ትክ ብለው አዩአቸው። «መኪናዋን የያዙት እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

እኔ ከሁለቱም በአራት እርምጃ ቆሜያለሁ። የምሠራ ለመምሰል ብሎን ማሰሪያውን ይዣለሁ። ጋሽ ይማም ወደኔ አላዩም። ቢያዩኝ እናገር ነበር ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ማን ያምነዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ጋሽ ሙሄ አመሰገኑ፤ ስለ እውነቱ አመሰገኑ። ውሃ ለምነው ጠጡና ሄዱ።

በኋላ ሽማግሌዎች ገቡ። ደጋን ሄደን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ ዱአ ተደረገ። ጋሽ ሙሄ ተነሥተው የጋሽ ይማምን ቀኝ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ» አሉ። የሰዓዳ እናት ከጓዳ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ተሰማ። እኔ ከምንጣፉ ዳር ሆኜ አሚን አልኩ። ከቀረበው ገበታም ከሌላው ጋር እጄን ሰድጄ በላሁ።

ሕግ ግን ሽምግልናን ቢያይም አልተወም። ጋሽ ይማም አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባቸው። ጋራዡ ተዘጋ። ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ምሳቸውን ይዤ እሄድ ነበር። ሳህኑን የምትሰጠኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናት። አንድ ቀን ሳህኑን በእጇ እንደያዘች አልሰጥ አለችኝ።

«እንድሪስ፣ እኔ ይማምን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ» አለች። «ጎማ ሳይነቀንቅ መኪና ከግቢ አስወጥቶ አያውቅም።»

«ሰው ነው እትዬ፤ ሰው ይሳሳታል» አልኳት።

ዓይኖቿን ፊቴ ላይ ጥቂት አቆየቻቸው። ከዚያ ሳህኑን ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ምግቡን የምታቀብለኝ በር ላይ ቆማ ነው፤ ግባ ብላኝ አታውቅም።

ለጋሽ ይማም ራሳቸው አንድ ጊዜ የውስጤን አወጣሁት። የእስር ቤቱ ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነበር። «ልሂድና ልናገር ጋሼ። አልቻልኩም» አልኳቸው። ከልቤ ነበር? አላውቅም። እሳቸው ግን ሳቅ አሉና ሙስባሃቸውን ጠቀለሉ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «ያን ቀን የአወል መኪና በር ስትገባ ሰምቻታለሁ። ኩሽኔታዋ እያለቀሰ ነው የገባችው። ከሃያ እርምጃ ሰማሁት። ነቅንቀው ስልህ አንተ ማሽኑ አይቶታል አልከኝ። ያን ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ጥዬ ክሪኩን ራሴ ማንሣት ነበረብኝ። ተቀየምኩህ። ይየውና ይፈር አልኩ በሆዴ። ሶላት ሄድኩ፤ ግን ቂም ይዤ ነው የሄድኩት። ስለዚህ በውሸት የታሰርኩ እንዳይመስልህ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የመናገሩን ነገር አላነሣሁም። ንግግራቸው አሳረፈኝ፤ ጥፋቱን ለሁለት ከፍለው የኔን ድርሻ ያቀለሉልኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን የነገሩኝ ስለራሳቸው ነበር።

ሲፈቱ ወደ ሥራ አልተመለሱም። ካቻቢቴውን ሊሰጡኝ ቢሉ አልተቀበልኩም፤ በማን ጆሮ ልሰማበት። ጥቂት ዓመት ቤታቸው ተቀምጠው፣ አንድ ረመዳን መጨረሻ ላይ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የደሴ ሹፌር ሁሉ ነበር። ጋሽ ሙሄም ከደጋን መጥተው ከፊት ሰልፍ ሰገዱባቸው። እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ ትንሽ ጋራዥ ከፍቼ ነበር። ማሽኑን አልጣልኩትም፤ ያለሱ ዛሬ ሥራ የለም። ግን ከዚያ በኋላ ከግቢዬ የወጣ መኪና ሁሉ አራቱም ጎማው በእጄ ተነቅንቋል። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ ከተማው ሲበተን፣ እኔም ቤተሰቤን ይዤ ሸሸሁ፤ ስመለስ የጋራዡ በር ተገንጥሎ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቆየኝ። ማሽኑም ሄዷል። ልጆቼ በንብረቱ አለቀሱ። እኔ ባዶው ቤት መሐል ቆሜ የተሰማኝን ነገር ሐዘን ነው ለማለት ይቸግረኛል።

እንግዲህ በቀደም ከዚያ ሚኒባስ ከወረድኩ በኋላ አራት ቀን ያህል እንዲህ ስባዝን ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ለሚስቴ ምንም ሳልል ደጋን የሚል መኪና ተሳፈርኩ። የጋሽ ሙሄን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም። ቤቱ ቆርቆሮ ሆኗል። እሳቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ሰማንያን ያለፉ ይመስለኛል፤ ያ ቁመት ተሰብሯል። ባለቤታቸው ከሞተች ቆይቷል። አላወቁኝም።

«የይማም ሠራተኛ የነበርኩ ነኝ፤ እንድሪስ» አልኳቸው።

«አዪ፣ ይማም!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «አላህ ይዘንለት። ቅን ሰው ነበር። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሽኑን፣ መብራቱን፣ ጋሽ ይማም ያሉኝንና የመለስኩላቸውን፣ ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ በአራት እርምጃ ቆሜ ዝም ማለቴን፣ ቤታቸው መጥቼ ምንጣፋቸው ላይ አሚን ማለቴን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«አፉ ይበሉኝ አባቴ።»

እጃቸው ራሴ ላይ ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ። ጉልበታቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡት።

«እኔ አፉ ያልኩት ላልበደለኝ ሰው ነበር ማለት ነው» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ያችን ቀን አፉ ለማለት ስንት ወር እንደፈጀብኝ ታውቃለህ? እንቅልፍ አልነበረኝም። እየሰገድኩ እንኳ እጄ ጭብጥ ይል ነበር። ከብዙ ድካም በኋላ ነው ከልቤ ያወጣሁት። አሁን አንተ መጥተህ እሱ አልነበረም ትለኛለህ።»

«ጥፋቴ ነው አባቴ።»

«አርጅቻለሁ እንድሪስ። እንደ አዲስ ተነሥቼ አንተን መጥላት አልችልም። ካልጠላሁህ ደግሞ አፉ የምልህ ከምን ላይ ነው? ጉልበቱ የለኝም። እሱ ባለበት ይቅር።»

ተነሡ። እንድወጣ መስሎኝ ብድግ ስል ከዘራቸውን አንሥተው አብረውኝ ወጡ። እንግዳን እስከ አስፋልቱ መሸኘት ልማዳቸው ነው፤ ለኔም አላጎደሉብኝም። መንገዱ ዳር ጎን ለጎን ቆምን። ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሚኒባስ ከሩቅ ሲመጣ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙልኝ። ተሳፍሬ በሩ ሊዘጋ ሲል ወደ ሹፌሩ መስኮት ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት። «ሰው ጭነሃል።»

ወደኔ አላዩም። መኪናው ሲነሣ ዞሬ አየኋቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ከአስፋልቱ ዳር እንደቆሙ ነበሩ።